ሰፈር የሚሰጠው ሜዳሊያ ምን ይመሰክራል?

ወታደር ሲሄድ ከጓዶቹ ጋር በአንድ ላይ ነው። ሰፈር ወጥቶ ይሸኛል። እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው እስከ አውቶቡሱ መስኮት ይሮጣሉ። ሲመለስ ግን ለየብቻው ነው። አንዱ ቆስሎ ከሆስፒታል ይወጣል። ሌላው የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ መሸኛውን በደረት ኪሱ ይዞ ይመጣል። አየር ጤና ወይም ቃሊቲ ላይ ይወርዳል፣ ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ይሳፈራል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ጎረቤት የሚሰማው በማግስቱ ነው፤ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ለተመላሽ ወታደሮች የመታሰቢያ ሜዳሊያ እንስጥ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ክፍተት ነው። የመመለሻ ቀን ስለሌለ ቀኑን ራሱ መፍጠር ያስፈልጋል። ዕድሩ፣ የወጣት ማኅበሩ ወይም ወረዳው ቀን ይቆርጣል። ድንኳን ይተከላል። ጋቢ ወይም ቡሉኮ ይለበሳል፣ የምስጋና ወረቀት ይታደላል፣ ሜዳሊያ አንገት ላይ ይጠለቃል። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ቅር የሚያሰኘኝ፣ ድካሙ ሁሉ መድረኩን ለማሳመር ሲውል ሜዳሊያው ምን እንደሚመሰክር የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

መንግሥት የሚሰጠው የጀግንነት ሜዳሊያ ጀብዱን ይመዝናል። ሰፈር ጀብዱን ሊመዝን አይችልም፤ ጦር ሜዳ አልነበረምና። ሰፈር የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። የእገሌ ልጅ ከዚህ ደጅ ወጥቶ እንደሄደ ያውቃል። ስንት ዓመት እንደቆየ፣ እናቱ በዚያ መሃል ምን እንደሆነች፣ እንደተመለሰ ወይም እንዳልተመለሰ ያውቃል። ሊመሰክር የሚችለው ይህንን ነው። ይህንን በትክክል ለመመስከር ደግሞ ከሜዳሊያው በፊት መዝገብ ያስፈልጋል።

የወታደር ዳርቻ

የአዲስ አበባ ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ወታደር የሚወጣበትና የሚገባበት ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሆለታ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ትምህርት ቤት ነበራት፤ የመጀመሪያዎቹን ዕጩ መኮንኖች ያሠለጠኑት ስዊድናውያን ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ የጥቁር አንበሳን ጦር መሠረቱ። ከቡራዩ አለፍ ብሎ ታጠቅ አለ። በ1969 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን የዘመተው ሚሊሻ እዚያ ሠልጥኗል። በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ቤት ናት።

ኮሪያ ሰፈርም አለ። ዛሬ የከተማዋ አካል ነው፤ ያኔ ግን ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነበር። ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ነበሯቸው። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ለተመለሱት ንጉሠ ነገሥቱ መሬት ሰጡ፤ ሰፈሩም በዘመቻቸው ተጠራ። ከሜዳሊያ ሁሉ ትልቁ ሜዳሊያ ይህ ይመስለኛል። ልጅ ሆነህ ታክሲ ውስጥ «ኮሪያ፣ ኮሪያ» ሲባል ትሰማለህ፤ አንድ ቀን ለምን እንደተባለ ትጠይቃለህ።

የዛሬው ዳርቻ ግን እንደዚያ አይደለም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ሰውን ያሰባሰቡት በዕጣ ነው። ገላን ጉራ የገባው ሰው ከካዛንቺስ ተነሥቶ የመጣ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ነባሩ ገበሬ፣ ቤት ሠሪውና ተከራዩ አንድ መንገድ ላይ ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ልጅ ወታደር ቤት መግባቱን የሚያውቀው የራሱ ፎቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው «የሰፈራችን ጀግኖች» ብሎ ስም ሲያሰባስብ፣ ዝርዝሩ ላይ የሚገባው ኮሚቴውን የሚያውቅ ሰው ይሆናል። የማይታወቀው ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቤተሰቡ አጠገቡ የሌለ ልጅ ነው። ከሁሉ በላይ ማመስገን የሚገባን ሰው አንድም እልል የሚልለት የሌለው እሱ ነበር።

ከተማ ሜዳሊያ ሲሰጥ

ይህ ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። ከሁሉ የሚያስተምረኝ የፈረንሳይዋ ከተማ የቬርደን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በቬርደን ዙሪያ አሥር ወር የፈጀ ውጊያ ተካሄደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የከተማዋ ምክር ቤት የራሱን ሜዳሊያ እንዲሠራ ወሰነ። መንግሥት አላዘዘውም። ጀርባው ላይ የከተማዋ በር ተቀረጸ፤ ቀኑም ጥቃቱ የተጀመረበት ነው። የመንግሥት ሜዳሊያ ሆኖ ግን አያውቅም። የሚሰጠውም በጀብዱ ልክ አልነበረም። እዚያ ግንባር ተሰልፎ የነበረ ሁሉ ይገባው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሜዳሊያው አይደለም። ቬርደን መዝገብ ከፈተች። ሜዳሊያውን የወሰዱት ወታደሮች ስም በትላልቅ መዛግብት ሰፈረ። ሜዳሊያው ቢጠፋ፣ ቢሸጥ፣ ከባለቤቱ ጋር ቢቀበር፣ ስሙ ከተማው እጅ ላይ አለ።

ሌላው ምሳሌ ኪምበርሊ ናት፤ የደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1900 መካከል ለ124 ቀን ተከበበች። ከበባው ሲያበቃ ከንቲባው ከተማዋን ለተከላከሉት የብር ኮከብ አሠርተው ሰጡ። ጦሩ ግን በደንብ ልብስ ላይ እንዲደረግ አልፈቀደም። ሰዎቹ ቢሆንም ያዙት፣ ለልጆቻቸውም አወረሱት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአሜሪካ በርካታ ከተሞችና ወረዳዎች ስማቸውን የጻፉበትን ሜዳሊያ ለየልጆቻቸው ሰጥተዋል። ሁሉም ቦታ መስመሩ ያው ነው። የአገር ሜዳሊያ ደንብ ልብስ ላይ ይውላል፤ የሰፈር ሜዳሊያ ቤት ይቀመጣል፣ በበዓል ቀን ክት ልብስ ላይ ይደረጋል።

እኛም አገር ሕጉ ይህንን መስመር ያውቀዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ኒሻንና ሽልማት የመስጠቱን ሥራ ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። ዕጩዎቹን መርጦ የሚያቀርበው በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ዕድር ወይም ወረዳ የሚያሠራው ነገር የመንግሥትን ኒሻን መምሰል የለበትም። የሠራዊቱን ዓርማ መዋስ የለበትም። «የጀብዱ ሜዳሊያ፣ አንደኛ ደረጃ» የሚል ጽሑፍም አያስፈልገውም። «የመታሰቢያ ሜዳሊያ» ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ሁለተኛ ተብሎ ደረጃ ሲወጣ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ግንባር ነበር፣ ሌላው ወጥ ቤት። አንዷ የሕክምና ባለሙያ ነበረች፣ ሌላው ሾፌር። ማን በለጠ? ይህንን የሚያውቀው አዛዡ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪዎች የሚሰጠውን ሜዳሊያ እዩት። በዳርፉር፣ በላይቤሪያ ወይም በአብዬ ያገለገለ ወታደር ከሰፈራችሁ ካለ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ታገኙታላችሁ። መስፈርቱ ለተልዕኮው 90 ቀን ማገልገል ነው። ተራ ወታደሩም ጄኔራሉም ያንኑ ሜዳሊያ ይወስዳል። ከዚህ የተሻለ አርአያ ለሰፈር አላውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ

ከድሮም የንጉሥ ሽልማትና የአገሬው ሽልማት ይለያይ ነበር። ንጉሡ ለምድ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ቢተዋ፣ ሹመትና መሬት ይሰጣል። አገሬው እልልታና ግጥም ይሰጣል። ዘማቹ ፎክሮ፣ ሸልሎ ይገባል፤ ሴቶቹ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ያነሳሉ። የንጉሡ ስጦታ በሹም ሽር ሊወሰድ ይችላል። ግጥሙን ግን ማንም አይነጥቅም።

ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአርበኞችን ነገር አስታውሱ። ከድል በኋላ ሜዳሊያ የወሰደ አለ፣ ያልወሰደ አለ። ጣሊያንን አገልግሎ ሹመት ያገኘም አለ። አምስት ዓመት የተዋጉት በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። ዛሬ ስማቸው የሚነሳው ከቤተ መንግሥት በተሰጠ ኒሻን አይደለም። አገሬው አልረሳቸውም።

የኮሪያ ዘማቾችም ዘውድ ያለበት ሜዳሊያ ነበራቸው። አብዮቱ ሲመጣ ዘውዱ ጠፋ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ ከደቡብ ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ማድረግ የማይመችበት ዘመን ሆነ። ሳጥን ውስጥ ገባ።

የ1983ቱ ደግሞ ሁላችንም የምናስታውሰው ወይም የሰማነው ነው። ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ፈረሰ። ከ450 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወታደር መሆኑ ቀረ። በእግሩ ሱዳን የገባ ነበረ። ወደ ቀዬው ለመድረስ የለመነ ነበረ። የደርግ ኒሻንና ማዕረግ በአንድ ሌሊት የሚደበቅ ነገር ሆነ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ስያሜ ብዙዎችን ሥራ ሲፈልጉ፣ ቤት ሲከራዩ ተከትሏቸዋል። መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ስንቅ፣ እህልና የእርሻ መሣሪያ ሰጥቷል። ግን ያንን ሰው በስሙ የጠራው፣ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ? ግባ» ያለው ጎረቤት ነው። የላከው መንግሥት በሌለበት ጊዜ መሄዱን የሚያውቅ ሰፈሩ ብቻ ነበር።

የሰፈር ሜዳሊያ ዋጋ እዚህ ላይ ይታየኛል። መንግሥት ሲለወጥ የማይለወጥ ምስክርነት ሊሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን የወቅቱ ፖለቲካ አይጻፍበትም። መፈክር አይጻፍበትም። የባለሥልጣን ስም አይጻፍበትም። የሰውየው ስም፣ የሰፈሩ ስም፣ የሄደበትና የተመለሰበት ዓመት ይበቃል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንን በጥንቃቄ ልናገር። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የሁለት ወገን ሐዘን ሊኖር ይችል ነበር። በአንድ በር የመከላከያ ወታደር እናት፣ በሌላው በር ወንድሟ በወዲያኛው ወገን የሞተባት ሴት። ሁለቱ አንድ ዕድር ላይ ናቸው። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ወጥ ሠርታ ትመጣለች። ከዚያ ወዲህም አገሩ ሙሉ ሰላም አላገኘም። እንዲህ ባለ ሰፈር ድንኳን ተክሎ በማይክሮፎን ጠላትን በስም መዘርዘር ጎረቤትን ማቁሰል ነው። ወታደሩን ለማመስገን ጠላቱን መጥራት አያስፈልግም። «ሄድክ፣ ተመለስክ፣ ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን» ማለት ይቻላል።

ያልተመለሰውስ?

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ብዙ ኮሚቴ ሳያስብበት የሚያልፈውም ይህ ነው።

የሞተ ወታደር ቤተሰብ ሜዳሊያውን መውሰድ አለበት። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን መሞቱ በወግ ያልተረዳ ልጅስ? መርዶ ያልመጣለት ቤት አለ። ስልኩ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ልጅ አለ። እናቱ ደግሞ እየጠበቀች ነው። ፎቶውን ታጸዳለች። አልጋውን አታፈርስም። ኮሚቴ መጥቶ «የልጅዎን ሜዳሊያ ይረከቡልን» ሲላት ምን ትስማ? መርዶ ነው የምትሰማው። በእኛ አገር መርዶ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ በሌሊት ይሰበሰባል፣ ማን እንደሚናገር ይመከራል። ማንም እናት ያንን በአደባባይ፣ በቀይ ምንጣፍ ላይ፣ ካሜራ እየተቀረጸ እንድትሰማ ሊደረግ አይገባም።

የጠፋ ሰው ሊመለስም ይችላል። በኦጋዴን ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመቶ የተማረኩት አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከሶማሊያ እስር የተመለሱት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሦስት ቃል ሊኖር ይገባል፤ «ተመለሰ»፣ «ተሠዋ»፣ «ይጠበቃል»። ለሦስተኛው ሜዳሊያ ይሠራለት፣ ስሙ ይቀረጽ፣ ግን አይሰጥ። ዕድሩ ጋ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ራሱ ሲጠይቅ ይሰጥ። እስከዚያው ዓመት በዓል ሲደርስ እናቲቱን የሚጠይቅ ሰው ይመደብ።

ቆስሎ የተመለሰውም ሐሳቡ ይጠየቅ። አንዳንዱ ሕዝብ ፊት መቆም አይፈልግም። ርችት፣ ጥሩምባ፣ ጭብጨባ የማይችል አለ። ያየውን ያየ ሰው ነው። ቤቱ ሄዶ ቡና እየተጠጣ መስጠት ይቻላል። ከመድረኩ ይልቅ ይህንን እንደ ክብር የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው።

ስለ ሜዳሊያው ራሱ

ሱቅ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠው ሜዳሊያ አብዛኛው ለስፖርት ውድድር የተዘጋጀ ነው። ዳር ዳሩ ቅጠል አለው፣ መሃሉ ክብ ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ላይ የታተመ ስቲከር ይለጠፋል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ይደርሳል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግን ስቲከሩ ይላጣል፣ ወርቅ ቅቡም ይነሳል። ሜዳሊያው የማንም ያልሆነ ክብ ብረት ሆኖ ይቀራል። ለሩጫ ውድድር ይሁን። ዓመታት ለሰጠ ሰው ግን አይሆንም።

ገንዘብ ካነሰ ሪባኑ ይቅር፣ ሳጥኑ ይቅር፣ የእንግዶቹ የታሸገ ውኃ ይቅር። ስሙ ግን ይቀረጽ። ነሐስ ላይ ስም የሚቀርጽ ባለሙያ በከተማው ሞልቷል። በአንድ በኩል የሰውየው ስምና ዓመቱ ይጻፍ። በሌላው በኩል ሰፈሩ የሚታወቅበት ነገር ይሁን። ቬርደን በሯን አደረገች። ሰበታ ወጨጫን ማድረግ ትችላለች። በምሥራቅ ያሉት የረርን። ቡራዩ ገፈርሳን። ልጁ ዶሎ ሆኖም ጁባ ሆኖም በሐሳቡ ሲያየው የኖረው ያንን ተራራ ወይም ያንን ውኃ ነው።

ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛና በኦሮምኛ። ዳርቻው የሁለቱም ነው። ለኮሪያ ዘማቾች የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ሲሠራ በተለያዩ ቋንቋዎች ተሠርቷል፤ የኢትዮጵያውያኑ በአማርኛ ነበር። ያኔ ዓለም ለእኛ ያደረገውን እኛ ለጎረቤታችን ማድረግ አያቅተንም።

የመድረኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወታደሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ንግግር የሚሰማበት ዝግጅት ይቅር። ክቡራን እንግዶች አጠር ያድርጉት። ሜዳሊያውን የሚያጠልቀው የሚያውቀው ሰው ይሁን፤ አስተማሪው፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ያሳደገችው ጎረቤት።

ምስክርነት ሥራ አለው

«ሜዳሊያ ዳቦ አይሆንም» የሚል ሰው አለ። ልክ ነው። ግን ምስክርነቱ እውነተኛ ከሆነ ዳቦ የሚያመጡ ነገሮችን ይዞ መምጣት ይችላል።

ተመላሽ ወታደር የመጀመሪያውን ወር የሚያሳልፈው ወረቀት ሲያሳድድ ነው። መታወቂያው ጊዜው አልፏል። ከቤተሰብ መዝገብ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። ተከራይ ከሆነ አድራሻ የለውም። ጡረታ፣ የጉዳት ካሳ፣ ሕክምና ለመጠየቅ የአገልግሎት ማስረጃ ያስፈልገዋል። ወረዳ ሲሄድ «የሚያውቅህ ሦስት ሰው አምጣ» ይባላል። ሦስት ሰው! ዓመታት አልፈው፣ ጎረቤቱ ተቀይሮ፣ ሰፈሩ ፈርሶ ሦስት ሰው ከየት ያምጣ? አሁን ነው የዕድሩ መዝገብ የሚያስፈልገው። ሜዳሊያ በሰጡት ቀን የዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ፈርመውበት ከሆነ ሦስቱ ምስክሮች እነሱ ናቸው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጽፉለታል።

ዕድሩ ሌላም ማድረግ የሚገባው አለ። ወርሃዊ መዋጮ በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል፤ የብዙ ዕድር ደንብ ነው። ደንቡ ክፋት የለበትም፣ ሁሉም እኩል እንዲያዋጣ ነው። ግን ግንባር ያለ ሰው በምን ይክፈል? ሚስቱ በወር የሚላክላትን ለኪራይና ለልጅ ታብቃቃለች። ሲመለስ ከዕድሩ ተሰርዞ ያገኘዋል። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል፤ «በውትድርና አገልግሎት ላይ ያለ አባል እስኪመለስ መዋጮ አይጠየቅም፣ መብቱም አይቀነስም»። ሁለት መቶ አባል ባለበት ዕድር አምስት ሰው ባይከፍል ዕድሩ አይወድቅም። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት የዘማችን ማሳ በጋራ እንዲያርሱ ይደረግ ነበር። ብዙ ቦታ በግዴታ ስለነበር ሰው አማርሯል። በውዴታ ሲሆን ግን ከደቦ የተለየ ነገር አይደለም፣ እናውቀዋለን። ከተማ ዳር የሚታረስ ማሳ የለም። መዋጮው ግን አለ፤ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ ጭማሪውም አለ።

እኔን ዕድር ቢጠይቀኝ፣ ሜዳሊያው ከእነዚህ ከአንዱ ጋር እስካልተያያዘ ድረስ ይቆይ እላለሁ። በመጀመሪያ አንቀጹ ይጽደቅ። ከዚያ ሜዳሊያው ይታዘዝ። ወታደሩ ሜዳሊያውን ሲቀበል፣ በሌለበት ያልተከፈለው መዋጮ መሰረዙ አብሮ ቢነገረው ጭብጨባው ከልብ እንደሆነ ያምናል።

መዝገቡ የት ይቀመጥ?

ዳርቻ ላይ ትልቁ ችግር ዕድሩ ራሱ አለመጽናቱ ነው። ሰፈር ይነሳል። አባላት በየአቅጣጫው ይበተናሉ። አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌላው የካ አባዶ፣ ሌላው ሰንዳፋ ይሄዳል። ድንኳኑና ወንበሩ ይሸጣል ወይም ይከፋፈላል። ደብተሩ የጸሐፊው ቤት ይቀራል። ጸሐፊው ሲያርፉ ልጆቻቸው ከአሮጌ ወረቀት ጋር ያወጡታል። የአንድ ሰፈር ሃምሳ ዓመት ታሪክ እንዲህ ነው የሚጠፋው። ይህ በእውነት ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የወታደሮቹ መዝገብ ከመዋጮው ደብተር ይለይ። ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ዕድሩ ጋ ይሁን። አንዱ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይቀመጥ፤ እነሱ ሰፈር ሲነሳም ብዙውን ጊዜ ቦታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ጋ ይሁን፤ የታሪክ አስተማሪው ለልጆች ያሳየው። በስልክ ፎቶ ማንሳትም አይከፋም፤ ግን በፎቶው ብቻ አይታመን፣ ስልክ ይጠፋል።

ምን ይጻፍበት? ሙሉ ስም እስከ አያት። ወንድ ይሁን ሴት። ከየትኛው ቤት ወይም ብሎክ እንደወጣ፤ ተከራይ ቢሆንም። የሄደበት ወርና ዓመት። የተመለሰበት። ወደየት እንደዘመተ፣ ለመናገር ከፈለገ ብቻ። ስሙን የሰጠው ማን እንደሆነና ያረጋገጡት ሁለት ጎረቤቶች ፊርማ። የድሮዎቹም ይግቡ። ከ1983 በፊት ያገለገሉ፣ ከ1990 እስከ 1992 ባድመና ጾረና የዋሉ አባቶች በየሰፈሩ አሉ። ጥበቃ ሆነው በር ላይ የሚውሉ አሉ። ለእነሱ ማንም ቀን ቆርጦ አያውቅም። አዲስ ሜዳሊያ ሲሠራ በዕድሜ ከታላላቆቹ ቢጀመር ወጣቶቹ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

ቀኑንም መፈለግ አያስፈልግም። ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ነው፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የጦር ሚኒስትር ያደረጉበት ቀን። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ የደረቀበት ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰው ቤቱ ስለሚገኝ ስም ለመሰብሰብ ይመቻል። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ጠንካራ ደብተርና በየብሎኩ አንድ ጠያቂ ካለ ሥራው ይጀመራል። ነሐሱ የሚታዘዘው የስም ዝርዝሩ ሰፈሩ ላይ ተለጥፎ፣ የተረሳ ሰው ካለ እንዲነገር ሁለት ሳምንት ከተሰጠ በኋላ ነው።